እጅና እግሩ የማይታዘዝለት ልጅ፦ የትኛው ምዘና ለየትኛው ጥያቄ?

አንዳንድ ልጅ አለ፤ ቁልፉን ለመቆለፍ ይታገላል። ኳስ ሲወረወርለት እጁን የሚዘረጋው ኳሷ ካለፈች በኋላ ነው። ጽሑፉን ራሱም አያነበውም። አጠገቡ ያለ ብርጭቆ ሳይደፋ አይውልም። ቤት ውስጥ «ዝርክርክ» ይሉታል፣ ክፍል ውስጥ ደግሞ «ሰነፍ»። እሱ ግን ከእኩዮቹ እጥፍ እየለፋ ነው።

ይህ ነገር በሕክምናው ዓለም የእድገት የእንቅስቃሴ ቅንጅት ችግር ይባላል። ብዙ ሰው ዲስፕራክሲያ በሚለው ስም ያውቀዋል። በትምህርት ቤት ዕድሜ ካሉ ልጆች ከ5 እስከ 6 በመቶ በሚሆኑት ላይ እንደሚታይ ይገመታል። ሠላሳ ልጅ ባለበት ክፍል አንድ ወይም ሁለት ማለት ነው። «ሲያድግ ይተወዋል» የሚለው ማጽናኛም ለብዙዎቹ አይሠራም። ችግሩ ከጉርምስና አልፎ የሚከተላቸው ብዙ ናቸው።

እንግዲያው ልጁ ይመዘን። ግን በምን? የፈተናው ዓይነት ብዙ ነው። አንዱ ባለሙያ ይህን ያወድሳል፣ ሌላው ያንን። «የትኛው ይሻላል?» ተብዬ ስጠየቅ የምመልሰው በጥያቄ ነው፦ ምን ለማወቅ ፈልጋችሁ? ምርጫው የሚጀምረው ከዚያ ነው። የፈተናው ዝና ብዙም አያግዝም።

ጥያቄው አራት ነው

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው የምርመራ መመሪያ አራት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ የልጁ የእንቅስቃሴ ክህሎት ለዕድሜው ከሚጠበቀው በጣም ያነሰ ነው ወይ? ያውም የመማር ዕድል አግኝቶ ሳለ። ሁለተኛ፣ ይህ ነገር የዕለት ኑሮውን እያወከው ነው ወይ? አለባበሱን፣ ጽሕፈቱን፣ ጨዋታውን። ሦስተኛ፣ የጀመረው ከትንሽነቱ ነው ወይ? አራተኛ፣ ሌላ ምክንያት የተሻለ ያብራራዋል ወይ? ለምሳሌ የማየት ችግር፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት፣ ወይም እንደ ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለ ሕመም።

ፈተናዎቹን በዚህ ዓይን እዩአቸው። በሻንጣ ሙሉ ዕቃ የሚመጡት፣ ዋጋቸው የሚከብደው ትልልቅ ፈተናዎች የሚመልሱት የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ ነው። ሁለተኛው የሚመለሰው ከልጁ ጋር የሚውሉትን ሰዎች በመጠየቅ ነው። ሦስተኛውን የሚያውቁት ወላጆች ናቸው። አራተኛው የሐኪም ሥራ ነው። ስለዚህ አንድ ፈተና ብቻ አስፈትኖ የወጣ ወላጅ፣ ፈተናው ምንም ጥሩ ቢሆን፣ ሦስቱ ጥያቄዎች እንደተከፈቱ ናቸው።

ሐኪሙ ይቅደም

ይህን ክፍል ከምርጫው ውጪ አድርጌዋለሁ። ሌላው ሁሉ ሊቀያየር ይችላል፣ ይህ ግን አይዘለልም።

ቀላሉ ነገር የልጁ ታሪክ ነው። ያለጊዜው የተወለደ ወይም ክብደቱ አንሶ የተወለደ ልጅ ለዚህ ችግር ይበልጥ የተጋለጠ ነው። መቼ ተቀመጠ፣ መቼ ሄደ፣ መቼ በማንኪያ በላ የሚለውን ሐኪሙ ይጠይቃል። ከዚያ ዓይን ይታያል። ኳስ መያዝ ያቃተው ልጅ ኳሷን በደንብ ሳያያት ቀርቶ ሊሆን ይችላል። መነጽር የሚፈታውን ነገር ለወራት በስፖርት ማሠልጠን ያሳዝናል።

ሐኪሙ የሚፈልጋቸው አስጊ ምልክቶች አሉ። ወላጅም ቢያውቃቸው ጥሩ ነው። ዋናው ምልክት ወደ ኋላ መመለስ ነው። የቅንጅት ችግር ያለበት ልጅ አዲስ ነገር ለመልመድ ይዘገያል እንጂ የለመደውን አያጣም። ትናንት ደረጃ ይወጣ የነበረ ልጅ ዛሬ ካቃተው ጉዳዩ ሌላ ነው። ወንድ ልጅ ከወለል ሲነሳ በእጆቹ ጭኑን እየገፋ የሚነሳ ከሆነ፣ በተለይ ባቱ ከልክ በላይ ወፍሮ ከታየ፣ ዱሼን የሚባለው ጡንቻን የሚያዳክም ሕመም ሊሆን ይችላል። ሲኬ የተባለ ቀላል የደም ምርመራ መንገዱን ያሳያል። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ሁልጊዜ በአንድ እጁ ብቻ የሚጠቀም ከሆነ ሌላኛው ጎን መታየት አለበት። ድንገት የመጣ መንገዳገድ፣ ያውም ራስ ምታትና የጠዋት ማስመለስ ያለበት፣ ቀጠሮ አይጠበቅለትም።

በሌላ በኩል የማያስፈልገውም አለ። ሐኪሙ በምርመራው የተለየ ነገር ካላገኘ የአንጎል ኤምአርአይ ማስነሳት ለዚህ ችግር የሚጨምረው ነገር የለም። ትምህርቱን እንደ እኩዮቹ የሚከታተል ልጅም «የአእምሮ ችሎታው ይለካ» ተብሎ ለሌላ ፈተና መሰለፍ አይጠበቅበትም።

መጠይቅ፦ ርካሹ መንገድ

በዓለም ላይ በጣም ከሚሠራባቸው አንዱ ዲሲዲኪው የሚባለው የወላጅ መጠይቅ ነው። ከ5 እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆች የተዘጋጀ ነው። 15 ጥያቄ አለው፤ በ10 ወይም 15 ደቂቃ ያልቃል፤ በነፃ ይገኛል። ወላጅ ልጁን ከእኩዮቹ ጋር እያነጻጸረ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። ኳስ አወራወሩና አያያዙ፣ አሯሯጡ፣ የጽሕፈቱ ፍጥነትና ጥራት፣ በመቀስ አቆራረጡ፣ ቶሎ የሚደክም መሆን አለመሆኑ ይጠየቃል። ድምሩ ከ15 እስከ 75 ነው፤ ዝቅ ያለ ነጥብ ችግርን ያመለክታል። መስመሩ በዕድሜ ይለያያል። ስምንት ዓመት ላልሞላው ልጅ 46ና ከዚያ በታች፣ ለ8 እና ለ9 ዓመት 55ና ከዚያ በታች፣ ከ10 ዓመት ጀምሮ ደግሞ 57ና ከዚያ በታች ከሆነ ልጁ ለሙሉ ምዘና ይላካል። ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጆች የተዘጋጀ ታናሽ መጠይቅም አለ።

ሁለተኛው አማራጭ ከሙቭመንት ኤቢሲ ፈተና (ወደ እሱ እመለሳለሁ) ጋር የሚመጣው የመመልከቻ ቅጽ ነው። በሁለተኛው እትም ከ5 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ልጁን በየዕለቱ የሚያይ ሰው ይሞላዋል፤ ብዙ ጊዜ መምህር ነው። የዚህ ቅጽ ብልሃት እንቅስቃሴን ለሁለት መክፈሉ ነው። አንደኛው ክፍል አካባቢው ጸጥ ሲል የሚሠራ ነው፣ ለምሳሌ ቁልፍ መቆለፍ። ሁለተኛው አካባቢው ሲንቀሳቀስ የሚሠራ ነው፣ ለምሳሌ ሰው በተሞላበት ሜዳ ሳይጋጩ መሮጥ። ብቻውን ሲሆን ሁሉን የሚችል፣ ግርግር ሲመጣ የሚጠፋው ልጅ እዚህ ላይ ይታያል። ፍርሃት፣ ችኮላና ትኩረት ማጣትም የሚመዘገቡበት ቦታ አለው።

ከሁለቱ የቱ? እኔ ሁለቱንም አስሞላለሁ፤ ምክንያቱም የሚናገሩት ሰዎች የተለያዩ ናቸው። ወላጅ ልብስ መልበሱንና አበላሉን ያውቃል። ግን የመጀመሪያ ልጁ ከሆነ ከማን ጋር ያነጻጽረዋል? መምህር ሠላሳ ማነጻጸሪያ ከፊቱ አለው። በአንጻሩ መምህር የሚረብሸውን ቶሎ ያያል፣ ጥግ ይዛ ዝም የምትለዋን ደግሞ ይስታል። በዚህ ችግር ከሚለዩት ልጆች መሃል ወንዶች የሚበዙበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። ወላጅና መምህር የሰጡት ነጥብ ካልተስማማ አትደንግጡ። አለመስማማቱ ራሱ መረጃ ነው፤ ልጁ የት እንደሚቸገር ይነግራችኋል።

አንድ ማሳሰቢያ። ትምህርት ቤት ሆናችሁ «ለሁሉም ልጅ መጠይቅ በትነን እንለያቸው» ብላችሁ ካሰባችሁ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የታደሰው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች መመሪያ ይህንን አይመክርም። በጅምላ ሲሆን መጠይቁ ብዙዎችን ያመልጠዋል። መጠይቅ ጥርጣሬ ላለበት ልጅ ነው።

ሙቭመንት ኤቢሲ ወይስ ቦት?

የባለሙያዎች ክርክር ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሙቭመንት ኤቢሲ በእንግሊዝ የተዘጋጀ ፈተና ነው። ሁለተኛው እትም በ2007 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ከ3 እስከ 16 ዓመት ያሉትን በሦስት የዕድሜ ክልል ይፈትናል። ሦስተኛው እትም በ2023 ወጥቶ ዕድሜውን እስከ 25 አድርሶታል። ብዙ ቦታ አሁንም የሚሠራው በሁለተኛው ስለሆነ የምናገረው ስለሱ ነው። ፈተናው ስምንት ተግባር ብቻ አለው። ሦስቱ የእጅ ቅልጥፍና፣ ሁለቱ መወርወርና መያዝ፣ ሦስቱ ሚዛን መጠበቅ ናቸው። ትንንሾቹ ሳንቲም በቀዳዳ ይከታሉ፣ ዶቃ ይሰካሉ። ትልልቆቹ በብሎንና ዳዶ ሦስት ማዕዘን ይገጥማሉ፣ ተረከዛቸውን ከጣታቸው እያገናኙ ወደ ኋላ ይራመዳሉ። ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ይወስዳል። ውጤቱ በትራፊክ መብራት ቀለም ይነገራል፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ።

ቦት በአሜሪካ የተዘጋጀ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው እትሙ ከ4 እስከ 21 ዓመት ያሉትን ይይዛል። ሰፊ ነው። ስምንት ንዑስ ፈተናና 53 ተግባር አለው። በጠባብ መንገድ መሃል መስመር መሳል፣ ወረቀት ማጠፍ፣ ካርታ መለየት፣ በአንድ እግር መቆም፣ ሮጦ መመለስ፣ ፑሻፕና ሲታፕ ሳይቀር አለበት። ሙሉው ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈልጋል። 14 ተግባር ያለው አጭር ቅጽም አለው፤ እሱ በ15 ወይም 20 ደቂቃ ያልቃል።

ልዩነቱ ከሰዓት በላይ ነው። ሙቭመንት ኤቢሲ የተሠራው ችግርን ለማግኘት ነው። ተግባሮቹ ለአብዛኛው ልጅ ቀላል ናቸው፤ የሚከብዱት ለሚቸገረው ነው። ስለዚህ ጎበዙን ከመካከለኛው አይለይም፣ ደካማውን ግን ያወጣዋል። ቦት ደግሞ መላውን ገጽታ ይሥላል፤ የት ብርቱ ነው፣ የት ደካማ ነው የሚለውን። የጡንቻ ጥንካሬና ፍጥነትም ነጥቡ ውስጥ ይገባሉ። ይህ ጥቅምም ጉዳትም አለው። ጠንካራና ፈጣን የሆነ፣ ግን ሸሚዙን መቆለፍ የማይችል ልጅ ጥንካሬው ድምሩን ከፍ ሊያደርግለት ይችላል። ከዚያ «ደህና ነው» ተብሎ ይመለሳል።

ስለዚህ ጥያቄው «ችግሩ አለበት ወይስ የለበትም?» ከሆነ ሙቭመንት ኤቢሲን እመርጣለሁ። ዓለም አቀፉ መመሪያም በቀዳሚነት የሚያነሳው እሱን ነው፤ ቦትንም ይቀበላል። «ችግሩ እንዳለበት አውቀናል፣ ሥልጠናውን ከየት እንጀምር?» ከሆነ ግን ቦት ብዙ ይናገራል። ሌላም ጥሩ ጎን አለው፤ የተግባሮቹ መመሪያ በፎቶግራፍ ጭምር ይቀርባል። የቋንቋ ችግር ላለበት ወይም የፈታኙን ቋንቋ በደንብ ለማይሰማ ልጅ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። አጭሩን የቦት ቅጽ ግን ለውሳኔ አልጠቀምበትም። ለመጀመሪያ ወንፊትነት ይበቃል፣ ከዚያ አያልፍም።

ከአምስት ዓመት በታች

እዚህ ላይ መቸኮል አያስፈልግም። የትንንሽ ልጆች እድገት ወጣ ገባ ነው፤ በሦስት ዓመቱ ከኋላ የነበረው በአምስት ዓመቱ እኩል ሊሆን ይችላል። ልጁም በፈተና ላይ እንደ ቀኑ ነው፤ ፈለገ ይሠራል፣ ካልፈለገ ከጠረጴዛው ሥር ይገባል። ስለዚህ ይህ ስያሜ በአብዛኛው ከ5 ዓመት በፊት አይሰጥም። ችግሩ ጎልቶ ከታየ ቢያንስ በ3 ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ይመዘናል፣ መስመሩም ጠበቅ ይላል።

ለዚህ ዕድሜ ብዙ የሚሠራበት ፒቦዲ ነው። ከልደት እስከ 5 ዓመት ያሉትን ይመለከታል። መጨበጥ፣ መቆም፣ መራመድ፣ ብሎክ መደርደር ይታይበታል። ዋና ጥቅሙ እድገት ዘግይቷል ወይስ አልዘገየም የሚለውን መናገሩ ነው። ስያሜ ባይሰጥም እርዳታ ለማስጀመር በቂ ነው። እርዳታ ደግሞ ስያሜ አይጠብቅም።

ኬቲኬና ቲጂኤምዲ፦ ሜዳው ላይ

እነዚህን ሁለቱን የስፖርት መምህራንና አሠልጣኞች ይወዷቸዋል። አላግባብ የሚወዳደሩትም እነሱ ናቸው፤ የሚለኩት የተለያየ ነገር ነውና።

ኬቲኬ በ1974 እ.ኤ.አ. በጀርመን የወጣ ነው። አራት ተግባር አለው፤ በጠባብ እንጨት ላይ ወደ ኋላ መራመድ፣ በአንድ እግር ስፖንጅ መዝለል፣ በ15 ሰከንድ ወደ ጎን እየዘለሉ መመላለስ፣ በ20 ሰከንድ በሁለት ሳንቃ ላይ እየተሸጋገሩ ወደ ጎን መሄድ። እንጨቶቹ ሦስት ሲሆኑ ስፋታቸው 6፣ 4.5 እና 3 ሳንቲ ሜትር ነው። ዕቃው በአናጺ የሚሠራ ነው፤ ፈተናው ራሱ ቀላል፣ ለ5 እስከ 14 ዓመት የሚሆን። የሚቆጠረው ውጤት ነው፦ ስንት እርምጃ፣ ስንት ዝላይ። የእጅ ሥራ ግን አንድም የለበትም። ጽሕፈት ያቃተው ልጅ ኬቲኬን በሙሉ ነጥብ ሊያልፍ ይችላል።

ቲጂኤምዲ ግን የሚያየው አሠራሩን ነው። ሦስተኛው እትም 13 ክህሎት አለው፤ ስድስቱ የመንቀሳቀስ፣ ሰባቱ የኳስ። ልጁ ሲወረውር ኳሷ የት ደረሰች ብሎ አይጠይቅም። ከሚወረውርበት እጅ ተቃራኒ ያለውን እግር አስቀደመ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ለመምህር ይህ ወርቅ ነው፤ ነገ ምን እንደሚያስተምር ይነግረዋል። ለምርመራ ግን ደካማ ነው። የመወርወሪያ ስልቱን ማንም አላስተማረውም ማለት የቅንጅት ችግር አለበት ማለት አይደለም።

ችግሩ እስክሪብቶ ላይ ሲሆን

አንዳንዴ ቅሬታው አንድ ብቻ ነው፦ ጽሕፈት። እዚህ ብዙ ጊዜ ቢሪ የሚባለው የቅርጽ መገልበጥ ፈተና ይታዘዛል። ልጁ ከቀላል መስመር እስከ ውስብስብ ቅርጽ እያየ ይገለብጣል። አጭር ነው፣ በቡድንም ይሰጣል። ዓይንና እጅ እንዴት እንደሚናበቡ ያሳያል። ግን ቅርጽ መገልበጥና አንድ ገጽ መጻፍ አንድ አይደሉም፤ ቢሪን በደንብ ሠርቶ ደብተሩ የማይነበብ ልጅ ሞልቷል። ብቻውን ለምርመራ አይበቃም።

ፍጥነትን ለመለካት ዳሽ የሚባል አለ፤ ከ9 እስከ 16 ዓመት። አምስት ተግባር አለው፤ አሳምሮ መገልበጥ፣ አፍጥኖ መገልበጥ፣ ፊደል መጻፍ፣ ምልክት ማድረግ፣ 10 ደቂቃ በነፃ መጻፍ። በፈተና ላይ ተጨማሪ ሰዓት ለመጠየቅ የሚረዳው እንዲህ ያለ መለኪያ ነው። ችግሩ የፊደሉ ነው፤ መለኪያው የተሠራው በላቲን ፊደል ለሚጽፉ ልጆች ነው። በሌላ ፊደል ለሚጽፍ ልጅ ቁጥሩን መውሰድ አይቻልም። የተሻለው የልጁን ደብተርና በዚያው ክፍል ያሉ የጥቂት ልጆችን ደብተር ጎን ለጎን ማየት ነው። በተመሳሳይ ደቂቃ ስንት ቃል ጻፉ? ሰው ያነበዋል ወይ? ሲጽፍ እጁን ያመዋል ወይ? ይህን ለማወቅ ዕቃ አይገዛም።

የማን ልጅ መለኪያ?

የሙቭመንት ኤቢሲ ሁለተኛ እትም ማነጻጸሪያ የተሠራው 1,172 የብሪታንያ ልጆችን ፈትኖ ነው። የቦት ሁለተኛ እትም ደግሞ 1,520 የአሜሪካ ልጆችን። ኬቲኬ የድሮ የጀርመን ልጆችን። እነዚህ ቁጥሮች ለእነዚያ ልጆች ትክክል ናቸው። መቀስ ይዞ የማያውቅ፣ ሁልጊዜ በእግር ኳስ እንጂ በእጅ ተጫውቶ የማያውቅ ልጅ ግን በነሱ ሲለካ ያልነበረበት ችግር ይለጠፍበታል። መስፈርቱ «የመማር ዕድል አግኝቶ ሳለ» ያለው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ፈተናውን መጣል አይመስለኝም። ዜሮ ያመጣበትን ተግባር ለጥቂት ሳምንታት አለማምዱትና ድጋሚ እዩት። ዕድል ያጣው ልጅ ቶሎ ይይዘዋል። የቅንጅት ችግር ያለበት ግን ሲለማመድም ቀስ ይላል፤ የለመደውንም ወደ ሌላ ነገር አያሻግረውም። እኔ ከማንኛውም ነጥብ በላይ ይህን አምናለሁ። በቅርብ ዓመታት ፐርፍ-ፊት የሚባል ፈተና የተዘጋጀውም ለዚሁ ሲባል ነው። አቅም ባነሰበት ቦታ ላሉ የትምህርት ቤት ልጆች የታሰበ፣ ዕቃው ቀላል፣ ቅልጥፍናንና ጥንካሬን አንድ ላይ የሚያይ ነው። ትንሽ የእጅ ሥራ የሚለካበት ግን አይደለም፤ ከመጠይቅ ጋር ቢጣመር ይሻላል።

ፈተናን በራስ እጅ ተርጉሞ መጠቀምም የራሱ ጣጣ አለው። መመሪያው ሲረዝም ወይም ሲከብድ የተለካው የልጁ እንቅስቃሴ መሆኑ ይቀርና መመሪያ የመረዳት ችሎታው ይሆናል። የተተረጎመ ከሆነ ፈታኙ ሠርቶ ያሳየው፣ ልጁም አንዴ ይሞክር።

ወረቀቱ ሲመጣ

ውጤቱ የሚጻፈው በፐርሰንታይል ነው። 5ኛ ፐርሰንታይል ማለት ከመቶ እኩዮቹ 5 ያህሉ ብቻ እንደሱ ወይም ከሱ በታች ናቸው ማለት ነው። ከመቶ 5 አመጣ ማለት አይደለም፤ ወላጆች በዚህ ብዙ ይደነግጣሉ። በሙቭመንት ኤቢሲ 5ኛና ከዚያ በታች ቀይ ነው። ከዚያ በላይ እስከ 15ኛ አካባቢ ቢጫ ነው። ከ5 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ኑሮው እየታወከ ከሆነ ቢጫም ለምርመራ ሊበቃ ይችላል። በተቃራኒው ቀይ አምጥቶ በቤትም በትምህርት ቤትም ምንም ያልጎደለበት ልጅ ስያሜ አያስፈልገውም።

ድምሩን ብቻ አትዩ። ሚዛኑና ኳሱ ደህና ሆኖ እጁ ብቻ ቀይ የሆነ ልጅ ድምሩ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። ክፍል ውስጥ ግን የሚያሰቃየው ያ እጅ ነው። የሦስቱን ክፍል ነጥብ ለየብቻ ጠይቁ።

ትኩረትም አለ። ይህ ችግር ካለባቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ ኤዲኤችዲ የሚባለው የትኩረት ችግርም አለባቸው። የማንበብ፣ የቋንቋ ችግርና ኦቲዝምም አብረው ይመጣሉ። ታዲያ ልጁ ዶቃውን የጣለው እጁ ስላልታዘዘው ነው ወይስ ዓይኑ መስኮት ላይ ስለነበር? ቁጥሩ ይህን አይናገርም። ፈታኙ በጎን የጻፈው ማስታወሻ ይናገራል። ነጥብ ብቻ ያለበት፣ ልጁ እንዴት እንደሠራ አንድ ዓረፍተ ነገር የሌለበት ሪፖርት ከደረሳችሁ ፈታኙን ደውላችሁ ጠይቁ። መብታችሁ ነው።

ታዲያ የቱን ልያዝ?

ወላጅ ከሆናችሁና ገና ጥርጣሬ ላይ ካላችሁ ዲሲዲኪውን ሙሉ፣ መምህሩም የሚያየውን ይጻፍ፣ ሁለቱን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ፈተና አትግዙ፣ ኢንተርኔት ላይ ያገኛችሁትንም በልጁ ላይ አትሞክሩ። ፈተናውን አስቀድሞ የተለማመደ ልጅ በኋላ በትክክል አይለካም።

ባለሙያ ከሆናችሁና በጀታችሁ ለአንድ ፈተና ብቻ ከሆነ ሙቭመንት ኤቢሲን ግዙ። ልጆቹ ከ5 በታች የሚበዙ ከሆነ ፒቦዲን። ማእከላችሁ ሰፊ ሕክምና የሚሰጥና ጊዜ ያለው ከሆነ ቦትን ጨምሩ። ምንም መግዛት የማይቻልበት ቦታ ላይ መጠይቅ፣ የሐኪም ምርመራና በጥሞና የተደረገ ምልከታ አንድ ላይ ከአንድ ውድ ፈተና ይበልጣሉ። ልጁ ጫማውን ሲያስር፣ ደረጃ ሲወርድ፣ ሲጽፍ፣ ከሌሎች ጋር ሲጫወት ተመልከቱት፤ ከተቻለም በወላጅ ፈቃድ በስልክ ቅረጹት። የስፖርት መምህር ከሆናችሁ ቲጂኤምዲ ለማስተማሪያ ይጠቅማችኋል፤ ስያሜ ግን አትስጡበት።

ሥልጠና ከተጀመረ በኋላስ? በዚያው ፈተና ቶሎ ቶሎ መመዘን ፈተናውን ማስተማር ይሆናል። በዚህ ችግር ላይ የተሻለ ውጤት ያለው ልጁ የሚፈልገውን ተግባር ራሱን ማለማመድ ነው፤ ብስክሌት ከሆነ ብስክሌት፣ ጫማ ማሰር ከሆነ ጫማ ማሰር። ስለዚህ ለውጡም በዚያ ይለካ። ለዚህ የካናዳ ባለሙያዎች የሠሩት ሲኦፒኤም የሚባል ቃለ መጠይቅ አለ። ልጁ፣ ትንሽ ከሆነ ከወላጁ ጋር፣ የሚፈልጋቸውን ተግባሮች ይመርጣል። ከዚያ አሁን ምን ያህል እንደሚችላቸውና በዚያ ምን ያህል እንደተደሰተ ከ1 እስከ 10 ይሰጣል። ከወራት በኋላ ድጋሚ ይጠየቃል። የሁለት ነጥብና ከዚያ በላይ ጭማሪ ቁም ነገር ያለው ለውጥ ተደርጎ ይወሰዳል፣ ሙቭመንት ኤቢሲ ላይ ቀለሙ ባይቀየርም እንኳ።